እስኪነሳ ድረስ

ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ፣ ከፍርድ ቤቱ ደጃፍ
በዚች ቆርቆሮ ቤት፣ አቤቱታ ስጽፍ።
ላፕቶፑም ከኔ ጋር፤ ከአዘዞ የመጣ፣
አንድ መምህር ሸጦልኝ፣ ዝውውር ሲወጣ።
«ሦስት ዓመት ይሠራል፣ ከጠነከረ አራት»
ብሎኝ ነበር ያኔ። ከዚያስ? አላልኩት።

ባትሪው አብጦ ወጣ፣ በአምስተኛው ክረምት፤
ገመዱ ሲነቀል ይሞታል በቅጽበት።
ማጠፊያው ተሰብሮ ክዳኑ ሲንጋለል
የቀሃ ድንጋይ ነው ደግፎት የሚውል።
ማራገቢያው ሲጮህ ባለጉዳዮች ሁሉ
«ወፍጮ ቤት ነው እንዴ?» እያሉ ይስቃሉ።

ራብዕ የምታወጣው ቁልፉ ወልቃ ጠፋች፤
ከሥር ያለችዋ ላስቲክ ብቻ ቀረች።
አንድ ቀን እሷንም አልጫንኩም መሰል፣
ለፍቺ የመጣች ሴት፣ «ባል» የሚለው ቃል
«ብል» ሆኖ ወጣላት። አንብቤላት ሳፍር
«ተዪው» አለች ስቃ፣ «እሱስ ምን አስቀረ?
በልቶ ነው የጨረሰኝ። እንዲሁ ይቅር።»

ደርሶ ጠጋኙ ግን፣ ከፒያሳው ፎቅ ሥር፣
መነጽሩን ሰቅሎ ይደምር ጀመር፦
«ስክሪኑ ስድስት ሺህ፤ ባትሪው አራት ሺህ፤
ማራገቢያው ስምንት መቶ፤ የእጄን ተዪው፣ አልጠይቅሽ።
አንጓች፣ እኔ እንዲህ ነው የምመክረው ሰው፦
የጥገናው ዋጋ የአዲሱን ግማሽ ካለፈው
ሐኪም አይደለም፣ ቀባሪ ነው የሚሻው።»

«አሮጌ ጫማ ነው» አልኩት፣ «እግሬን ያውቃል።»
«እግርሽንስ ያውቃል፤ ጭቃም ያስገባል።»
ማራገቢያውን ብቻ አስቀይሬ ወጣሁ።
ስምንት መቶ ብር። ያተረፍኩ መሰለኝ።

ሐምሌ ሲገባደድ፣ ችሎት ሊዘጋ ሲል፣
አቶ ቢያድግልኝ ከቆላ ድባ ጭቃ
ይግባኝ ሊሉ መጡ፤ ቀኑ ዛሬ ሊያበቃ።
ሦስት ገጽ ጽፌ አራተኛው ላይ ስደርስ
መብራት ሄደ።
ጥቁሩ ስክሪን ውስጥ የሳቸው ፊት ቀረ።
መብራቱ ሲመለስ ላፕቶፑ አልነሳም፤
በእጄ ገልብጬ፣ ወረቀቱን ይዤ፣ ደረጃውን ሮጥኩኝ፤
መዝገብ ቤቱ ግን ተዘግቶ ነበረ።

አልተቆጡኝም። «ምን ታደርጊ፣ ልጄ፣
መሣሪያሽ አርጅቷል» አሉኝ፣ ጃንጥላቸውን እያነሱ።
ያን ማታ ነው የገባኝ፣ ከደርሶ ሒሳብ ሌላ፦
ዕቃ አረጀ የሚባለው
በዓመት ሲቆጠር አይደለም፣ በጥገናም ዋጋ፤
የኔን ቁጠባ ሌላ ሰው ሲከፍለው ነው።

የማስፈቀጃውን በነፃ ጻፍኩላቸው።
መልሱ እስከ ጥቅምት አልመጣም።

ዕቁቤን አውጥቼ አዲስ ገዛሁ።
ደርሶ አሮጌውን ዘርግቶ እንደ ቅርጫ ሥጋ መደበው፤
ስክሪኑን ለማራኪ ተማሪ፣
ሆዱ ውስጥ ያለውን የሰው እሮሮ ሁሉ
በአንዲት ትንሽ ሣጥን ለኔ።
ድንጋዩን ራሴ ወደ ቀሃ መለስኩት።

አዲሱ ቀጭን ነው፣ ድምፅም የለው፣
ዐሥር ሰከንድ አይፈጅም፤
ሰው ገና ሳይቀመጥ «ዝግጁ ነኝ» ይላል።
ያ ግን እስኪነሳ አራት ደቂቃ ነበረው፤
በዚያች አራት ደቂቃ፣ ባለጉዳይ እጁን እያፍተለተለ
ለዳኛ የማይለውን ይነግረኝ ነበር።
«መሬቱስ የሱ ነው» ያለኝ አለ።
ያቺ የ«ብሏ» ሴትዮ እንኳ
«ዝናብ ሲመታ ነው የሚናፍቀኝ» ብላኛለች፣
ያንን የትም ሳልጽፈው።

ትናንት አንድ ወጣት መጣ፣ አባቱን ሊከስ፤
ቆሞ ነው የሚናገረው፣ አንቀጹን ሸምድዶ።
ክዳኑን አልከፈትኩም።
እጄን ጣልኩበትና፣
«ቁጭ በል» አልኩት፣ «እስኪነሳ ድረስ።»